የባለሁለት ምት ሞተር ዘይት አመራረጥ፦ ከገላባት እስከ ኦምዱርማን ለሚነግዱ

ከገላባት ተነስቶ በገዳሪፍ በኩል ወደ ኦምዱርማን የሚሄድ በሬ በሞቃቱ ወራት በቀን ከ40 ሊትር በላይ ውኃ ይፈልጋል። ሃምሳ በሬ የያዘ ነጋዴ በየቀኑ ከ2,000 ሊትር በላይ መቅዳት አለበት ማለት ነው። ውኃው ከሀፊር በትንሽ የቤንዚን ፓምፕ በሚሳብበት ቦታ ፓምፑ ከቆመ በሬው ይከሳል፤ ሙዌሊህ ገበያ ላይ ደግሞ ዋጋው የሚቆረጠው በዓይን ታይቶ ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ በሞተር ዘይት ላይ ነው።

በመጀመሪያ ሞተርዎ የትኛው እንደሆነ ይወቁ። የዘይት መለኪያ ዘንግና ለብቻው ዘይት የሚሞላበት ቀዳዳ ካለው ባለአራት ምት ነው፤ ይህ ጽሑፍ አይመለከተውም። ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ተቀላቅሎ የሚሞላ ከሆነ ባለሁለት ምት ነው። ትንንሽ ፓምፖች፣ በእጅ የሚያዙ ቀላል ጄኔሬተሮች፣ መዥገር የሚረጭባቸው በጀርባ የሚታዘሉ ሞተሮች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ካርቱም ውስጥ ረክሻ ከሚባሉት ባጃጆችም የድሮዎቹ ባለሁለት ምት ነበሩ።

በዚህ ሞተር ዘይቱ ኮሎውን፣ ኩሽኔታውንና ፒስቶኑን ካለሰለሰ በኋላ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል። ከዘይቱ ሁለት ነገር ይፈለጋል፦ በደንብ ማለስለስ፣ ሲቃጠል ደግሞ አመድና ጥቀርሻ አለመተው። የመኪና ዘይት ሁለተኛውን አይችልም። በውስጡ ያለው ዚንክና ካልሲየም በመኪና ሞተር ውስጥ ጠቃሚ ነው፤ እዚህ ግን ተቃጥሎ አመድ ይሆንና ካንዴላው ላይ ይጋገራል፣ የጭስ መውጫውንም ያጠባል። “ወፍራም ዘይት ሞተር ያጠነክራል” የሚለው የገበያ ወሬ ብዙ ፓምፕ ገድሏል። መንገድ ላይ ሌላ ከጠፋ ንጹሕ የመኪና ዘይት ለአንድ ሙሌት መጠቀም ያለ ዘይት ከማስነሳት ይሻላል። ባዶ ቤንዚን ፒስቶኑን በደቂቃዎች ውስጥ ከሲሊንደሩ ጋር ያጣብቀዋል።

ወደ ማሟያዎቹ እንምጣ። አብዛኛው የጠርሙሱ ይዘት መሠረታዊ ዘይት ነው። ጥሩዎቹ ፖሊአይሶቡቲሊን የሚባል፣ ሲቃጠል ጭስ የማያበዛ ነገር ይጨመርባቸዋል። አጣቢ ማሟያው ፒስቶኑንና ፋሻውን ያጸዳል። በታኙ ጥቀርሻው ተሰብስቦ እንዳይደድር ያደርጋል። ከቤንዚን ጋር ቶሎ እንዲዋሃድ ጋዝ መሳይ ማቅጠኛ ይጨመራል፤ ዝገት መከላከያም አለው። ቀለሙ፣ ቀይም ሆነ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ፣ የጥራት ምልክት አይደለም። ቤንዚኑ መቀላቀሉን በዓይን ለመለየት ብቻ የሚጨመር ነው።

ጥራቱን የሚነግርዎ በጠርሙሱ ላይ ያለው ደረጃ ነው። ጃሶ የሚባለው የጃፓን ደረጃ ኤፍ ቢ፣ ኤፍ ሲ እና ኤፍ ዲ የሚሉ እርከኖች አሉት። ኤፍ ቢ ዝቅተኛው ነው። ኤፍ ሲ ጭሱ በጣም ያነሰ ነው። ኤፍ ዲ ጭሱ እንደ ኤፍ ሲ ሆኖ የማጽዳት ኃይሉ ይበልጣል፤ ለካርቱም ሙቀት፣ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ፓምፕ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ኤፍ ዲ ከጠፋ ኤፍ ሲ ይበቃል። ኤ ፒ አይ ቲ ሲ የሚል ብቻ ከሆነ የቆየ ደረጃ ነው፤ ያለሰልሳል፣ ስለ ጭሱ ግን ምንም አይነግርዎትም። በእውነተኛ የጃሶ ምልክት ሳጥን ውስጥ ከደረጃው በላይ የፊደልና የቁጥር ኮድ ይታተማል፤ ደረጃው ተጽፎ ኮዱ ከሌለ ሻጩን ይጠይቁ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ለጀልባ ሞተር የሚሸጠው ቲ ሲ ደብሊው 3 የተባለው ዘይት በዋጋም በስምም ጥሩ ይመስላል፤ ጥሩም ነው፣ ግን በውኃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር። አመድ እንዳይተው ተብሎ የተሠራ ስለሆነ በነፋስ በሚቀዘቅዝ ፓምፕ ኃይለኛ ሙቀት ላይ የማጽዳት ኃይሉ ያንሳል። የነጩ ዓባይ ጀልባ ነዳፊ ያመሰገነው ዘይት ለእርስዎ ፓምፕ ላይስማማ ይችላል።

መጠኑ የሚወሰነው በሞተሩ ክዳን ወይም መመሪያ ላይ ባለው ቁጥር ነው። 50 ለ1 ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር፣ 25 ለ1 ከሆነ 40 ሚሊ ሊትር ዘይት። ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ወይም 800 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሱዳን ውስጥ ቤንዚን በጋሎን ሲሸጥልዎ ጋሎኑ 4.5 ሊትር ያህል መሆኑን አይርሱ፤ በ50 ለ1 ሂሳብ 90 ሚሊ ሊትር ነው። የከብት መርፌ የሚወጋበት ባለ20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ጥሩ መለኪያ ይሆናል። አንዴ ዘይት የነካውን ግን ለከብት አይመልሱት።

“ለጥንቃቄ” ብሎ ዘይት ማብዛትም ጉዳት አለው። በዚያው በካርቡራተሩ ጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ስለሚቀንስ ሞተሩ ይበልጥ ይግላል፤ ካንዴላውም ይረጥባል።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በተጀመረው ጦርነት ከካርቱም በስተሰሜን ያለው የጄይሊ ማጣሪያ ተጎድቶ ሥራ ካቆመ ወዲህ፣ ቤንዚን በጀሪካን ከሚቸረችሩ ሰዎች መግዛት የተለመደ ነው። በንጹሕ ብርጭቆ ትንሽ ቀድተው ጥቂት ያቆዩት፤ ውኃ ካለበት ከሥር ይዘቅጣል። እንዲህ ያለውን ዘይት ጨምሮ ማዳን አይቻልም። የተቀላቀለውንም ከአንድ ወር በላይ አያስቀምጡ፤ በእያንዳንዱ ሙሌት ፊት ጀሪካኑን ይወዝውዙ።

ውጤቱን ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ይቻላል። ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ዘይቱ በዝቷል ወይም የአየር ማጣሪያው ተደፍኗል፤ ከሀቡብ በኋላ መጀመሪያ የሚጸዳው ማጣሪያው ነው፣ ዘይቱን ከመውቀስ በፊት። ነጭ ከሆነ ሞተሩ በጣም ግሏል። የሚያብለጨልጭ ግራጫ ብናኝ ካዩ ፒስቶኑ እየቀለጠ ነውና ወዲያው ያጥፉት፤ የዚያን ቀን ውኃ በባልዲም ቢሆን ያስቀዱ።