በመንገድ ላይ ቅድሚያ ስለ መስጠት

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

መንገድ የጋራ ገንዘብ ነው። እርሻ ባለቤት አለው፤ ግቢም ባለቤት አለው፤ መንገድ ግን ለሚያልፍበት ሰው ሁሉ የሚሆነው በሚያልፍበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ካለፈም በኋላ ለሌላው ይለቅለታል። ስለዚህ ሁለት መንገደኞች ባንድ ጊዜ በጠባብ ስፍራ ሲገናኙ «ማን ይቅደም?» የሚለው ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ከሰው ጋር የኖረ ነው።

የጎጃም ሰው ለዚህ ጥያቄ በእግር መንገድ ላይ መልስ ነበረው። ታናሽ ለታላቅ መንገድ ይለቃል። በበቅሎ የተቀመጠ ሰው ታላቅ ሰው ሲያገኝ ይወርዳል። አጋሰስ የሚነዳ ነጋዴ በገደል አፋፍ ሲመጣ ባዶውን የሚሄደው ዳር ይይዝለታል። አስከሬን ተሸክመው ሲያልፉ ሁሉም ቆሞ ያሳልፋል። ይህ ሥርዓት በመጽሐፍ ሳይጻፍ፣ ዳኛም ሳይቆምለት፣ ልጅ ከአባቱ እያየ የተማረው ነው፤ ዛሬም በገጠር አልጠፋም። መሠረቱ አክብሮት ነው፤ የሚሠራውም ሰው ከሰው ጋር ፊት ለፊት ተያይቶ የመጪውን ማንነት ሲለይ ነው።

ነገር ግን ቡሬ የሚደርሰው መንገድ የእግር መንገድ ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም አድርጎ የሚመጣው አውራ ጎዳና ቡሬ ላይ መንታ ይሆናል፤ አንዱ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ሁለተኛው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይዘልቃል። በዚህ ጎዳና ላይ እህል የጫነ ከባድ መኪና፣ አውቶቡስ፣ ባጃጅ፣ ፈረስ የሚስበው ጋሪ፣ እንጨት የተሸከመች ሴት፣ ወደ ገበያ የሚነዳ በሬና ደብተሩን የያዘ ተማሪ ይገናኛሉ። ደግሞም ከየቀበሌው የሚመጣው የአፈር መንገድ እንደ ገባር ወንዝ ወደዚሁ አስፋልት ይገባል።

ከዚህ ላይ የቀድሞው ሥርዓት ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም ሁለት ነው። አንደኛ፤ ነጂው የመጪውን ሰው ታላቅነት ለመለየት ጊዜ የለውም፤ እግረኛውም በመስተዋት ውስጥ ያለውን ነጂ አያውቀውም። ሁለተኛ፤ መኪና እንደ በቅሎ ልጓም ሲይዙት ወዲያው አይቆምም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በያንዳንዱ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬኑ እስኪያደርስ አንድ ሴኮንድ ያህል ያልፋል፤ ፍሬኑን ከረገጠ በኋላም መኪናው ወደ ፊት መሄዱን አይተውም። ደረቅና መልካም በሆነ መንገድ እንኳ እስኪቆም ድረስ ከ35 ሜትር በላይ ይፈጃል፤ በክረምት ዝናብ መንገዱ ሲረጥብማ ርቀቱ እጅግ ይጨምራል። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ ከዘራውን አንሥቶ ድንገት ወደ አስፋልቱ ቢገባ፣ ነጂው ሊያከብረው ቢወድም ብረቱ አይታዘዝለትም።

ስለዚህ የዓለም መንግሥታት የመኪናን ቅድሚያ ከሰው ማዕረግ ለይተው በስፍራ ላይ መሠረቱት። ሕጉ «መጪው ማን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ከወዴት መጣ? የትኛውን መንገድ ይዟል?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ። የሕጉ አኳኋን ግን ባገሩ ሁሉ አንድ አይደለም።

መጀመሪያ፤ መንገድ ስለ መያዝ። በእንግሊዝና በኬንያ መኪና በግራ ይነዳል፤ በሚበዙት አገሮች ግን በቀኝ ይነዳል። ኢትዮጵያም ከግራ ወደ ቀኝ የተዛወረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። የስዊድን መንግሥት እንዲሁ ነሐሴ 28 ቀን 1959 ዓ.ም. ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ የአገሩን መኪና ሁሉ ባንድ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ አዛወረ፤ ሱዳንም በ1965 ዓ.ም. ወደ ቀኝ ተመለሰች። ዛሬ በሞያሌ በኩል ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ የሚሻገር ነጂ ድንበሩን ሲያልፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይዛወራል። ነጂው ያው፣ መኪናውም ያው ሲሆን፣ ከድንበር ወዲህ ትክክል የነበረው ከድንበር ወዲያ ጥፋት ይሆንበታል። ከዚህ የምንረዳው ቀኝ በራሱ ከግራ የሚበልጥ አለመሆኑን ነው፤ የሚጠቅመው ሁሉም ባንድነት አንዱን መያዛቸው ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ መስቀለኛ መንገድ። በፈረንሳይና በጀርመን ምልክት በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ከቀኝ ለሚመጣው ቅድሚያ ይሰጣል። በእንግሊዝ አገር ግን ምልክት በሌለበት መስቀለኛ መንገድ ቅድሚያ ያለው ሰው የለም፤ ሁሉም ተጠንቅቆ እንዲቀርብ ታዟል። በአሜሪካ በአራቱም ማዕዘን «ቁም» የሚል ምልክት የቆመበት ስፍራ አለ፤ በዚያ ሁሉም ይቆማል፤ ከዚያም አስቀድሞ የደረሰው አስቀድሞ ያልፋል፤ ሁለት ባንድ ጊዜ ቢደርሱ በአብዛኞቹ ግዛቶች በቀኝ ያለው ይቀድማል።

ሦስተኛ፤ ስለ አደባባይ። በአደባባይ ዙሪያ ለሚዞረው ቅድሚያ መስጠት በእንግሊዝ አገር ሕግ የሆነው በ1959 ዓ.ም. ነው። አስቀድሞ የሚገባው ቅድሚያ ሲኖረው፣ በውስጥ ያለው ለገቢው ይቆማል፤ ገቢውም እየበዛ ክቡን ይሞላዋል፤ በመጨረሻም መውጫ ጠፍቶ ሁሉም ይታሰራሉ። የሚዞረው ቅድሚያ ሲያገኝ ግን ክቡ ራሱን ያጎድላል። በኢትዮጵያም ነጂዎች የሚማሩት በአደባባዩ ውስጥ ላለው መኪና መቆምን ነው።

አራተኛ፤ ስለ አፈር መንገድና ስለ ዳገት። በ1961 ዓ.ም. በቪየና ከተማ የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ከአፈር መንገድ ወደ አውራ ጎዳና የሚወጣ ነጂ በጎዳናው ላይ ለሚሄደው ቅድሚያ እንዲሰጥ ያዛል። ደግሞም በተራራ መንገድ ሁለት መኪኖች ለመተላለፍ ሲቸግራቸው፣ ቁልቁል የሚወርደው ዳር ይዞ ሽቅብ የሚወጣውን እንዲያሳልፍ ይናገራል፤ ጭነት ይዞ በዳገት ላይ የቆመ መኪና እንደገና ለመነሣት ይቸገራልና። የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሰው የዚህን ሕግ ጥቅም ሳይነግሩት ያውቀዋል። ባዶ የሚሄደው አጋሰስ ለጫነ ሰው ዳር ይይዝለት ከነበረው ከቀድሞው የእግር መንገድ ሥርዓትም ጋር ይስማማል።

አምስተኛ፤ ስለ ደካሞች። በሆላንድ አገር በመስቀለኛ መንገድ ከቀኝ የሚመጣ ብስክሌት ለመኪና ቅድሚያ እንዲሰጥ ይገደድ ነበር። በ1993 ዓ.ም. ግን ሕጉ ተለውጦ ብስክሌት ከመኪና ጋር እኩል ሆነ፤ ከቀኝ ከመጣ መኪናው ይቆምለታል። በኢትዮጵያም ትራፊክን ለመቆጣጠር የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 208 በ2003 ዓ.ም. ወጥቶ ነበር፤ ነጂ ሁሉ በእግረኛ ማቋረጫ ላይ ለሚሻገር እግረኛ መቆም እንዳለበት ይማራል። አምቡላንስና የእሳት አደጋ መኪና ጥሪ እያሰሙ ሲመጡ ደግሞ በየአገሩ ሁሉም ይለቅላቸዋል።

እነዚህ ሕጎች ብዙዎች ቢሆኑም ባንድ ነገር ይስማማሉ። ይኸውም ሕጉ «ቅድሚያ ስጥ» ብሎ ያዛል እንጂ «ቅድሚያህን ቀምተህ ውሰድ» ብሎ አያዝም። ቅድሚያ ከሚሰጠው ሰው እጅ የሚገኝ ነገር ነው። ስለዚህ ቅድሚያ አለኝ የሚል ሰው ሌላው እስኪሰጠው ድረስ ሊጠነቀቅ ይገባዋል። በፈረንሳይ ወይም በጀርመን መስቀለኛ መንገድ አራት መኪኖች ከአራት ማዕዘን ባንድ ጊዜ ቢደርሱ፣ ለያንዳንዱ በቀኙ ሌላ መኪና አለበትና አራቱም ይቆማሉ። ከነርሱ አንዱ በእጁ ምልክት ሰጥቶ «እለፍ» ካላለ በቀር ሕጉ ብቻውን አያላቅቃቸውም። ጥሩምባ ማስጮኽም ቅድሚያ አያስገኝም፤ ማስጠንቀቂያ ነው እንጂ የመብት ማስረጃ አይደለም።

ይህን ማወቅ የነጂ ብቻ ጉዳይ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ዓመት በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል፤ ከ5 ዓመት እስከ 29 ዓመት ዕድሜ ያሉትን ልጆችና ወጣቶች ከሁሉ ይልቅ የሚገድላቸውም ይኸው ነው። ይህ ዕድሜ የተማሪና የእረኛ ዕድሜ ነው።

እንግዲህ መምህር ለተማሪዎቹ ይህን ያስተምር። በኢትዮጵያ መኪና በቀኝ ስለሚነዳ እግረኛ የመንገዱን የግራ ጠርዝ ይዞ ይሂድ፤ በዚያ ወገን የሚመጣው መኪና ፊት ለፊት ይታየዋል እንጂ ከኋላው አይደርስበትም። ለመሻገር ሲፈልግ ቆሞ መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ቀጥሎ ወደ ቀኝ፣ ዳግመኛ ወደ ግራ ይመልከት፤ ከቆመ አውቶቡስ ፊት ወይም ኋላ ተሹለክልኮ አይውጣ። ማቋረጫ ላይ ቢሆንም መኪናው መቆሙን ሳያይ እግሩን አያንሣ። ትምህርቱም በቃል ብቻ አይሁን፤ በትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ በአመድ መስቀለኛ መንገድና አደባባይ ተሥሎ፣ ልጆቹ ተራ በተራ ነጂና እግረኛ እየሆኑ ይለማመዱት።

የአገር ሽማግሌም ለገበሬው ይህን ይምከር። ከብት የሚሻገረው በመታጠፊያ አጠገብ ሳይሆን ከሁለቱም ወገን ሩቅ በሚታይበት ስፍራ ይሁን፤ አንድ ሰው ከፊት፣ አንድ ሰው ከኋላ ይቁም፤ ለብዙ ከብት ትንሽ ልጅ ብቻውን አይላክ። ባለጋሪ ከአፈር መንገድ ወደ አስፋልት ከመውጣቱ በፊት ፈረሱን አቁሞ ይመልከት፤ ሲመሽም ያለ መብራት አይጓዝ።

ሽማግሌ አደጋ ከደረሰ በኋላ በሟች ቤተ ሰብና በነጂው መካከል ለእርቅ ይቀመጣል፤ ይህ መልካም ሥራ ነው። ነገር ግን እርቅ ቂምን ያጠፋል እንጂ ሟችን አይመልስም። ለእርቅ የሚቀመጡት ሽማግሌዎች አስቀድመው በሰንበቴና በእድር ላይ ስለ መንገድ ቢመክሩ፣ ለእርቅ የሚቀመጡበት ቀን ያንሳል። ለነጂውም ልጅ ቢሆን ምክራቸው ይድረሰው፤ ከመንደሩ የወጣ ባጃጅ ነጂ የአባቱን ጓደኛ ቃል ይሰማልና።

የቡሬ ጎረቤት የሆነችው ከተማ ስም በግእዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። መንገድ የሰላም የሚሆነው ግን በስሙ አይደለም፤ የሚነዳውም የሚሄደውም ለባልንጀራው ሲለቅለት ነው።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች፤

1. የእግር መንገድ ሥርዓትና የመኪና መንገድ ሕግ በምን ይለያያሉ? በምንስ ይስማማሉ?
2. በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና በ3 ሴኮንድ ስንት ሜትር ያህል ይጓዛል?
3. በአደባባይ ውስጥ ላለው መኪና ቅድሚያ የሚሰጠው ስለ ምንድን ነው?
4. እግረኛ የግራውን ጠርዝ ይዞ የሚሄደው ለምንድን ነው? በኬንያ ቢሆንስ የትኛውን ጠርዝ ይይዝ ነበር?
5. ከትምህርት ቤቱ እስከ አስፋልቱ ድረስ ባለው መንገድ ላይ አደገኛ የሆኑትን ስፍራዎች ቈጥራችሁ፣ በያንዳንዱ ማን ለማን ቅድሚያ መስጠት እንዳለበት ጻፉ።