የጃፓን ማዮኔዝ በቤት፦ ዋናው ነገር የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ናቸው

ባለፈው ሐምሌ ሦስት ጊዜ ሠራሁት፤ ሦስቱንም ጊዜ ደፋሁት። ከግማሽ ሊትር በላይ ዘይትና ስድስት አስኳል በከንቱ ሄደ፤ ዘይት በዚህ ዋጋ እየተገዛ ይህ ያንገበግባል። አራተኛው ግን ወፈረ፤ ማንኪያውን ገልብጬ ስይዘው እንኳ አልወረደም። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልፈረሰብኝም። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አሁን በደንብ ስለማውቅ፣ እናንተ የእኔን ያህል ዘይት ሳትደፉ እንድትሠሩት ብዬ ነው የምጽፈው።

የጃፓኑን ማዮኔዝ ከሌላው የሚለየው መጀመሪያ አስኳሉ ነው። የአሜሪካው አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ እንቁላል ይገባበታል፤ የጃፓኑ ግን ብዙ ጊዜ አስኳል ብቻ። ናካሺማ ቶይቺሮ የተባለ ጃፓናዊ ማዮኔዝን አሜሪካ ቀምሶ አገሩ ከተመለሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 «ኪውፒ» በሚል ስም ሲያወጣው ለወገኖቹ ገንቢ እንዲሆን ብሎ አስኳሉን አበዛው። ሁለተኛው ኮምጣጤው ነው፤ እነሱ ከፖምና ከብቅል የተሠራ ለስለስ ያለ ይጠቀማሉ። ሦስተኛው አጂኖሞቶ ነው። ኢኬዳ ኪኩናዬ የተባለ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1908 ከባሕር አረም ቀቅሎ ያወጣው ነጭ ቅመም ሲሆን፣ በደንብ የበሰለ የቅልጥም መረቅ ላይ የምናውቀውን ያንን አፍ የሚሞላ ጣዕም ይሰጣል።

ለአንድ ጊዜ የሚበቃው ይህ ነው፦ የሁለት ትልልቅ የፈረንጅ እንቁላል አስኳል (የሐበሻ ከሆነ ሦስት)፣ 200 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ዱቄት፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ አጂኖሞቶ። አጂኖሞቶ ካላገኛችሁ ተዉት፤ የሾርባ ቅመም ፈጭታችሁ አትተኩት፣ ቀለሙንም ጨውነቱንም ያበላሸዋል።

እንቁላሉን እኔ ከሾላ ገበያ የሐበሻውን ነው የምገዛው። ትንሽ ነው፤ አስኳሉ ግን ደማቅ ብጫ ስለሆነ ማዮኔዙም የጃፓኑን ቀለም ይይዛል። የፈረንጁ እንቁላል አስኳል ከመኖው የተነሳ ብዙ ጊዜ ይገረጣል፤ ጣዕሙ ላይ ግን ብዙም ችግር የለውም። የተሰነጠቀውንና ኩስ የነካውን ለሌላ ነገር አውሉት። ውሃ ውስጥ ስትከቱት የሚንሳፈፈውን ደግሞ ለምንም አታውሉት።

ኮምጣጤ ስትገዙ ጠርሙሱን አንብቡ፤ 5 በመቶ የሚለውን ውሰዱ። ሰፈራችን ሲ.ኤም.ሲ ስሙን ከጣሊያን የግንባታ ድርጅት እንዳገኘ ሁሉ፣ ባለሱቆቻችን የሚሉት «አቼቶ»ም ቃሉ የጣሊያን ነው፤ ነጩ አቼቶ ግን ለዚህ ሥራ ስለታም ነው። የፖም ኮምጣጤ ካገኛችሁ ለጃፓኑ የሚቀርበው እሱ ነው። የሩዝ ኮምጣጤም ይሆናል።

አሁን ዘይቱ። እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ አንዱን ማዮኔዝ ያስደፋኝ ይህ ነው። በጀሪካን የሚሸጠውን የፓልም ዘይት አትጠቀሙ። ክረምት ላይ ጠዋት ጠዋት ጀሪካኑ ሥር ነጭ ሆኖ የሚረጋውን አይታችሁታል አይደል? ያው ነገር ፍሪጅ ውስጥ ማዮኔዛችሁ ላይ ይደርሳል። ስትሠሩት ያማረ ይመስላል፤ በማግሥቱ ስትከፍቱት ግን ዘይቱ ፍርፍር ብሎ ረግቶ፣ ወደ ሙቀት ሲመለስ ደግሞ ከአስኳሉ ተለይቶ ላዩ ላይ ይተኛል። የረጋው ዘይት አስኳሉ የሸፈነበትን ስስ ቆዳ ይበሳዋልና መልሶ አይሰበሰብም። የኑግ ዘይት አይረጋም፤ ግን ሽታው ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። የወይራም መራራ ያደርገዋል። የሱፍ አበባ ወይም የአኩሪ አተር ዘይት ግዙ፣ ጠርሙሱን ፍሪጅ አስገብታችሁም ጥርት ብሎ የሚቆየውን።

ሥራው እንዲህ ይጀመራል። ከአንድ ሰዓት በፊት እንቁላሉን ከፍሪጅ አውጡ። ይህን በአንድ ቃል ላልፈው አልችልም፤ ሲ.ኤም.ሲ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ ከእንጦጦ በኩል የሚወርደው ነፋስ ወጥ ቤታችንን ራሱን ፍሪጅ ያደርገዋል። ቀዝቃዛ አስኳል ግትር ነው፤ ዘይቱን አይቀበልም። ክረምት ከሆነ እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ አስቀምጡት፤ የዘይቱንም ጠርሙስ አብራችሁ አጠገቡ አቁሙት። በእጃችሁ ስትነኳቸው ሁለቱም እኩል ሊሰሟችሁ ይገባል።

አስኳሉን ስትለዩ ከቅርፊት ወደ ቅርፊት አታገላብጡት፤ እጃችሁን ታጥባችሁ ነጩን በጣቶቻችሁ መሃል አሳልፉት። ነጩን ለጠዋት እንቁላል ፍርፍር አስቀምጡ።

ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስኳሉን፣ ጨውን፣ ስኳሩን፣ ሰናፍጩን፣ አጂኖሞቶውንና አንድ የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ ጨምሩ። ጨውና ስኳሩ አሁን ይግባ፤ በኋላ ዘይቱ ውስጥ አይሟሟም። ሳህኑ እንዳይዞርባችሁ እርጥብ ፎጣ ሥሩ አድርጉ፣ አንድ ደቂቃ ምቱት። ቀለሙ ትንሽ ይነጣል።

አሁን ደረሳችሁ። ከዚህ በኋላ ያሉት ደቂቃዎች ሁሉንም ይወስናሉ።

ሁለተኛውን ስደፋ ጎረቤቴ የሆኑት እናት በር ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። «ምን እያረግሽ ነው ልጄ?» አሉኝ። አስኳልና ዘይት አልዋሃድ እንዳለኝ ነገርኳቸው። ሳህኑን አዩት፣ «ሱፍ ስታሺ ውሃውን ባንዴ ትገለብጪበታለሽ?» አሉኝ። «ቀስ እያልሽ እንጂ።» ያኔ ብዙም አልገባኝም፤ በማግሥቱ ግን ነገሩ ሁሉ በራልኝ። የሱፍ ፍትፍት ስንሠራ የሚወጣው ያ ወተት የመሰለ ውሃ ነጭ የሆነው፣ የሱፉ ዘይት በጣም ደቃቅ ጠብታ ሆኖ ውሃው ውስጥ ስለተበተነ ነው። ማዮኔዝም ያው ነው፤ ዋናው ልዩነት የዘይቱ ብዛት ነው። አስኳል ውስጥ ሌሲቲን የሚባል ነገር አለ፤ አንድ ጎኑ ዘይት ይወዳል፣ ሌላው ጎኑ ውሃ ይወዳል። እያንዳንዱን የዘይት ጠብታ እንደ ልብስ ያለብሰዋል፣ ጠብታ ከጠብታ ጋር እንዳይገናኝ። መምቻው ዘይቱን ይሰባብራል፣ አስኳሉ ያለብሳል።

ስለዚህ ዘይቱ በፍጥነት ከገባ ልብሱ አይደርስም። ራቁታቸውን የቀሩት ጠብታዎች ይገናኛሉ፣ ይቀላቀላሉ፣ እንደገና ዘይት ይሆናሉ፤ ሳህኑ ውስጥ ብጫ ውሃ ላይ የተንሳፈፈ ዘይት ይቀርባችኋል። ይህ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ አይደለም፣ መጀመሪያ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሩብ ዘይት፣ ማለትም 50 ሚሊ ሊትር ያህሉ፣ ጠብታ በጠብታ ካልገባ ቀሪው 150 ምንም አያድነውም። እኔ «አሁን በቃ፣ ይዟል» ብዬ ከአሥር ጠብታ በኋላ አፈሰስኩት። ሦስተኛው ላይም ትንሽ ታግሼ ያንኑ አደረግሁ። አስኳሉ ወፈር ማለት ሲጀምር መያዙን እንዳትጠራጠሩ የሚያደርግ መልክ አለው፣ ያ መልክ ያታልላል፤ ገና ነው። በዓይናችሁ ሳይሆን በዘይቱ ልክ ሂዱ። ሩቡ እስኪያልቅ ድረስ ጠብታ።

በማንኪያ ማንጠብጠብ ይቻላል፤ ግን አንድ እጅ እየመታ ሌላው እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሳይታሰብ ማንኪያ ሙሉ ይወርዳል። እኔ ያገኘሁት መላ ይህ ነው፦ ንጹሕ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ውሰዱ፣ ክዳኑን በጋለ መርፌ ብሱት፣ ዘይቱን ሞልታችሁ ገልብጡት። ስትጫኑት ጠብ ይላል፣ ስትለቁት ያቆማል። ኪውፒም እ.ኤ.አ. ከ1958 ጀምሮ የሚሸጠው ተጭነው በሚያወጡት ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፤ በእኛ ቤት ግን ጠርሙሱ ሥራውን የሚጀምረው ከዘይቱ ነው። ጠብታ በጠብታ ይውረድ፣ እጃችሁ ሳያቋርጥ ይምታ፣ አቅጣጫ መቀያየሩ አይጎዳም። ጠርሙሱ ላይ ሩቡን በብዕር ምልክት አድርጉ፤ እዚያ ሳይደርስ ክዳኑን እንዳትከፍቱ፣ እለምናችኋለሁ።

ሩቡ ሲያልቅ ሳህኑ ውስጥ ያለው እንደ ወፈረ አጥሚት ይሆናል፣ መምቻው ሲያልፍ መንገዱ ይታያል። ከዚህ በኋላ ዘይቱ በቀጭን ክር ይውረድ። በጣም ወፍሮ መምቻው ሲከብዳችሁ ቀሪውን ግማሽ ማንኪያ ኮምጣጤ ጨምሩ፣ ይላላል፤ ከዚያ የቀረውን ዘይት ጨርሱ። ብዙ ሰው ሲወፍር ዘይት የበዛበት ይመስለዋል፤ በእርግጥም የሚያወፍረው ዘይቱ ነው፣ ጠብታዎቹ በበዙ ቁጥር እርስ በርስ ይጨናነቃሉ። ዘይት እየጨመራችሁ ከቀጠነ ግን ሊፈርስ ነውና ወዲያው አቁሙ።

ብሌንደር አይመከርም። በዚህ መጠን አስኳሉ ከምላጩ በታች ይቀራል። በቁም የሚይዙት የእጅ መፍጫ ያለው ሰው ጠባብ ብርጭቆ ውስጥ ሊሠራው ይችላል። እኔ ግን በእጅ መምታቱን እመርጣለሁ፤ መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ እንኳ ሥራው አይቋረጥም፣ እጃችሁም የሚለወጠውን ክብደት ይማራል።

ከፈረሰ አትድፉት። እኔ ይህን ባውቅ ሁለቱ ይተርፉ ነበር፣ የፓልሙን ሳይጨምር። ሌላ ንጹሕ ሳህን ውስጥ አንድ አዲስ አስኳል ከአንድ የሻይ ማንኪያ ኮምጣጤ ጋር ምቱ፤ የፈረሰውን ልክ እንደ ዘይት ቆጥራችሁ ጠብታ በጠብታ አስገቡበት። አስኳል ከሌላችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ሰናፍጭም ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ሰናፍጭ ራሱ ዘይትና ውሃን የማስታረቅ ጠባይ አለው።

ስለ ጥሬው እንቁላል ልንገራችሁ። ጃፓኖች እንቁላላቸውን ለጥሬ መብላት እንዲሆን አጥበውና መርምረው ነው የሚሸጡት፤ የእኛ እንደዚያ አይደለም፣ ሳልሞኔላ ሊኖርበት ይችላል። ኮምጣጤው ይረዳል፣ ስለዚህ መጠኑን አትቀንሱ፣ በሎሚም አትተኩት፤ ሎሚ ከፈለጋችሁ መጨረሻ ላይ ለጣዕም ጠብ አድርጉ። እርጉዝ፣ ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ታማሚ ቤት ካለ ግን አስኳሉን አብስሉት፤ እኔ እንግዳ ሲኖር ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማደርገው። አስኳሉን፣ አንዱን ማንኪያ ኮምጣጤ፣ ስኳሩንና አንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ በብረት ሳህን አድርጋችሁ በሚንተከተክ ውሃ እንፋሎት ላይ፣ ሳታቆሙ እያማሰላችሁ 71 ዲግሪ አድርሱት። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ቸል ማለት ትችላላችሁ ብላችሁ አታስቡ፤ 92ም አስኳሉን ፍርፍር ለማድረግ ይበቃል። መለኪያ ግዙ፣ ውድ አይደለም። ሲደርስ ሳህኑን ቀዝቃዛ ውሃ ላይ አስቀምጡት፣ ለብ ሲል ጨውና ቅመሙን ጨምራችሁ ወደ ጠብታው ተመለሱ።

ሲያልቅ ቅመሱት። ገና ስለታም ይሆናል፤ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ኮምጣጤው ይለዝባል፣ የሰናፍጩም ቃጠሎ ይገባል። ለድንች ሰላጣ፣ ለቱና፣ ለተጠበሰ ድንች፣ ለሳንድዊች ይሆናል። እኔ ከሁሉ የምወደው ቀቅዬ ባደቀቅኩት ድንችና ካሮት ላይ ነው፣ ቃሪያ ቀጭን አድርጌ ከትፌ።

ፍሪጅ ውስጥ ከአራት ቀን በላይ አታቆዩት፤ መብራት ጠፍቶ ሰዓታት ከቆየና ፍሪጁ ውስጡ ከሞቀ ያኔውኑ ድፉት። እንቁላል ስላለበት የፍስክ ነው፤ ስለዚህ እኔ አርብ ማታ እንቁላሉን ገዝቼ አስቀምጣለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት እሠራለሁ፣ ክዳኑ ላይ ቀኑን እጽፋለሁ፣ ማክሰኞ ማታ የተረፈውን ለእራት አወጣዋለሁ። ረቡዕ ጠዋት ጠርሙሱ ታጥቦ ተደፍቶ ነው የሚገኘው።