የሶዲየም የመንገድ መብራት ሳይነቀል ስለ መመዝገብ

ጨው ቆንጥሮ በእሳት ነበልባል ላይ ለበተነ ሰው ነበልባሉ ወዲያው ቢጫ ሆኖ ይታየዋል። ይህም የሚሆነው በጨው ውስጥ ሶዲየም የሚባል ማዕድን ተዋሕዶ ስለሚገኝ ነው። አዲስ አበባን ጨምሮ በዓለም ብዙ ከተሞች ጎዳና ላይ ለረጅም ዓመታት ሲያበራ የኖረው ቢጫ የኤሌክትሪክ መብራትም ብርሃኑን የሚያገኘው ከዚሁ ከሶዲየም ነው። በዘመናችን ይህ መብራት ኤል ኢ ዲ በሚባለው በአዲሱ መብራት እየተተካ ይነቀላል። ምሰሶውንና መስተዋቱን በሙዚየም ማኖር ይቻላል፤ ብርሃኑ ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ፣ በጽሑፍ ካልተያዘ በቀር፣ እንዴት ያለ እንደ ነበረ የሚመሰክር አይገኝም። ስለዚህ መብራቱ ቆሞ ሳለ መመዝገብ ይገባል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ሁለቱ ዓይነቶች

የሶዲየም መብራት ሁለት ዓይነት ነው። ፊተኛው ዝቅተኛ ግፊት ያለው ይባላል። በ1932 በሆላንድ አገር በቤክና በጌሌን መካከል ያለው መንገድ፣ በዚያው ዓመትም በእንግሊዝ አገር በክሮይደን ፐርሊ ዌይ የሚባለው ጎዳና በዚህ መብራት በሩ። በመስተዋት ቱቦው ውስጥ ኒዮን የሚባል ጋዝና ጥቂት ሶዲየም አለ። ማታ ሲበራ በመጀመሪያ ኒዮኑ ቀይ ብርሃን ይሰጣል፤ ቀጥሎም ሶዲየሙ እየሞቀ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ፣ ከአሥር ደቂቃ ገደማ በኋላ ብርሃኑ ፍጹም ቢጫ ይሆናል። በዚህ ብርሃን ውስጥ ከቢጫ በቀር ሌላ ቀለም የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ባለ ብዙ ቀለም ጥለት ያለው ነጠላ ከመብራቱ ሥር ቢዘረጋ፣ ነጩ ቢጫ መስሎ ይታያል፤ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ግን ደብዝዘው ቀለማቸው አይለይም።

ሁለተኛው ከፍተኛ ግፊት ያለው ነው፤ በ1960ዎቹ በአሜሪካ አገር ተሠርቶ ወጣ። በዚህኛው ሶዲየሙ ሜርኩሪ ከሚባለው ከባዚቃ ጋር ሆኖ በብርቱ ይግላል። የጋለ ሶዲየም መስተዋትን ስለሚበላ፣ ውስጠኛው ቱቦ ብርሃን ከሚያሳልፍ ጽኑ ሸክላ የተሠራ ነው። ብርሃኑ ወርቅማ ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም የልብስ ቀለም ይለይበታል።

መዝገቡ እንዴት እንደሚጻፍ

በመጀመሪያ ቀኑ፣ ሰዓቱና የመንገዱ ስም ይጻፍ፤ ምሰሶዎቹም ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እየተቈጠሩ ተራ ቍጥር ይሰጣቸው። ምሰሶው የእንጨት፣ የብረት ወይም የሲሚንቶ መሆኑ ይታይ።

የምሰሶው ቁመት በጥላው ይለካል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው በትር በሜዳ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጥላው 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በዚያው ሰዓት የምሰሶው ጥላ 6 ሜትር ከ40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ምሰሶው 8 ሜትር ነው። ስለዚህ ወደ ላይ መውጣት አያስፈልግም፤ ሽቦ መንካትም ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የወደቀ አምፑል ቢገኝ ልጆች እንዳይሰብሩት ይጠበቁ፤ ሶዲየም ውሃ ሲነካው ሊቃጠል ይችላልና።

ቀጥሎ አምፑሉ ይመርመር። ዝቅተኛ ግፊት ያለው አምፑል ረጅም ስለ ሆነ በርዝመቱ ኃይሉ ይታወቃል፤ 35 ዋት የሆነው 31 ሳንቲ ሜትር፣ 90 ዋት የሆነው 53 ሳንቲ ሜትር፣ 180 ዋት የሆነው 112 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው።

ማታም መብራቱ ከበራበት ደቂቃ ጀምሮ ይጠበቅ፤ ቀዩ ብርሃን ስንት ደቂቃ እንደ ቆየ ይጻፍ። ከፍተኛ ግፊት ያለው አምፑል ሲያረጅ በገዛ እጁ ይጠፋና ከበረደ በኋላ ተመልሶ ይበራል፤ ይህም ቢታይ ይመዝገብ።

በመጨረሻም ሽማግሎች ይጠየቁ። መብራቱ መቼ እንደ ተተከለ፣ ከእርሱ በፊት መንገዱ በምን ይበራ እንደ ነበረ ይናገራሉ። ነገር ግን በዓይን የታየው በአንድ ገጽ፣ ከሰው የተሰማው በሌላ ገጽ ተለይቶ ይጻፍ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ የሚመጣው አንባቢ የትኛውን እንደሚያምን አያውቅም።

መዝገቡ ስለሚሰጠው ጥቅም

ይህ ድካም ለከንቱ እንዳልሆነ የአንዲት ከተማ ታሪክ ያስረዳል። በአሜሪካ አገር በአሪዞና ፍላግስታፍ የምትባል ከተማ አለች። በ1894 የከዋክብት መመልከቻ ቤት ተሠራባት፤ በ1930ም ፕሉቶ የተገኘው በዚያ ነው። የከተማ ብርሃን ሰማዩን እንዳይጋርድ በማሰብ፣ ከተማይቱ በ1958 ለማስታወቂያ ወደ ሰማይ የሚበራውን ኃይለኛ መብራት በሕግ ከለከለች። ለመንገዷም ዝቅተኛ ግፊት ያለውን የሶዲየም መብራት መረጠች፤ ብርሃኑ አንድ ቀለም ብቻ ስለ ሆነ የከዋክብት ተመራማሪዎች ያን ቀለም ለይተው ሊያስቀሩት ይችላሉና። በ2001ም ጨለማ ሰማይዋን የጠበቀች የመጀመሪያይቱ ዓለም አቀፍ ከተማ ተባለች።

በ2010ዎቹ መጨረሻ ገደማ የዚህ አምፑል ዋና ሠሪ የነበረው የፊሊፕስ ኩባንያ መሥራቱን አቆመ። እንግዲህ ጥያቄው በምን ይተካ የሚል ሆነ። ነጭ መብራት ለመንገደኛ ቀለምን ያሳያል፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ሰማያዊ ብርሃን በሰማይ ላይ አብዝቶ ይበተናል። ፍላግስታፍ የቀድሞውን ቢጫ የሚመስል ኤል ኢ ዲ ለመትከል መረጠች። እንዲህ ያለውን ምርጫ አመዛዝኖ ማድረግ የሚቻለው የቀድሞው መብራት ምን እንደ ነበረ ሲታወቅ ነው። የነበራትን መብራት ያልጻፈች ከተማ በለውጡ ያተረፈችውንም ያጣችውንም ልትመዝን አትችልም።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1. የሶዲየም መብራት ሲጀምር ቀይ የሚሆነው ስለ ምንድን ነው?
2. የጥለት ቀለም በየትኛው መብራት ሥር አይለይም? ምክንያቱስ?
3. የ1 ሜትር በትር ጥላ 50 ሳንቲ ሜትር፣ የምሰሶው ጥላ 3 ሜትር ቢሆን፣ የምሰሶው ቁመት ስንት ነው?
4. የታየውና የተሰማው ለምን ተለይቶ ይጻፋል?