ኢንተርኔት ሲቆራረጥ፦ ሞደም ከመግዛት በፊት የስልኩን ሽቦ መፈተሽ

ፕሮፎርማ ለደንበኛ፣ ሰነድ ለትራንዚተር ከቤቱ ሆኖ የሚልክ ነጋዴ፣ መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር የሚያጣው ገበያ ነው። ዋጋ ጠይቆ መልስ የዘገየበት ገዢ ሌላ ሻጭ ይፈልጋል። በዚህን ጊዜ ብዙዎች የሚሮጡት አዲስ ሞደም ለመግዛት ነው። ሻጩም ይህንኑ ይመክራል፤ አይፈረድበትም፣ የሚሸጠው ሞደም ነው። ይሁን እንጂ በመደበኛ ስልክ መስመር የሚመጣ ኢንተርኔት፣ ማለትም ኤዲኤስኤል፣ ሲታመም በሽታው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከአሮጌው ሽቦ ዘንድ ነው።

ኤዲኤስኤል ድምፅንና ኢንተርኔትን በአንድ ጥንድ የመዳብ ሽቦ ያሳልፋል። ድምፁ ከ4 ኪሎ ኸርዝ በታች ሲሄድ ኢንተርኔቱ ከ25 ኪሎ ኸርዝ በላይ ይጓዛል። ለድምፅ የበቃ ሽቦ ለኢንተርኔት ላይበቃ ይችላልና፣ «ስልኩ ይሠራል፤ መስመሩ ደህና ነው» የሚለው አነጋገር አያስተማምንም።

በመጀመሪያ፣ ግንኙነቱ ሲጠፋ የሞደሙን የዲኤስኤል መብራት ማየት ያሻል። መብራቱ ሳይንቀሳቀስ ከበራ ጥፋቱ የዋይፋይ ወይም ከዚያ ወዲያ ያለ ሊሆን ይችላል። ብልጭ ድርግም ካለ ግን መስመሩ ነው።

ዋናው ፍተሻ ገንዘብ አይጠይቅም። በቤቱ ያሉት ስልኮች፣ ፋክስና የማንቂያ ደወል ሁሉ ይነቀሉ። ሞደሙ ብቻውን፣ ያለ ስፕሊተር፣ ሽቦው ከውጭ በሚገባበት የመጀመሪያ ሶኬት ላይ በአጭር ገመድ ይሰካ። አንድ ሁለት ቀን እንዲሁ ይቆይ፤ የተቋረጠበት ሰዓት በወረቀት ይያዝ። ከጸና ጥፋቱ ከግቢው ውስጥ ነው ማለት ነው፤ የተነቀሉት ዕቃዎች በየቀኑ አንድ አንድ እየተመለሱ ጥፋተኛው ይለያል። መቆራረጡ ከቀጠለ ግን፣ ሞደሙንና ገመዱን በውሰት ለውጦ ከሞከሩ በኋላ፣ ጉዳዩ የቴሌ ነው።

በአሮጌ ቤቶች ተደጋግሞ የሚታየው ችግር ቅርንጫፍ ሽቦ ነው። መስመሩ ከዓመታት በፊት ወደ መኝታ ቤት፣ ወደ ሰርቪስ ቤት፣ ወደ ሱቅ ተቀጥሎ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ ተረስቷል። በጫፉ ስልክ ባይኖርም እንኳ ይህ ቅርንጫፍ ሞገዱን እያንፀባረቀ ያዳክማል። መፍትሔው ቆርጦ መጣል ነው። ስልክ ሲጠራ ኢንተርኔቱ የሚጠፋ ከሆነም ስፕሊተር የሌለው ስልክ ወይም የላላ መጋጠሚያ ይፈለግ። ክረምት ገብቶ ዝናብ ሲዘንብ ታሞ ፀሐይ ሲወጣ የሚድን መስመር ደግሞ ከመጋጠሚያው ውሃ ገብቶበታል ተብሎ ይጠረጠራል።

ሞደሙ ራሱ ቁጥር ይናገራል። በብዙዎቹ 192.168.1.1 ተብሎ በሚከፈተው ገጽ ላይ «ኤስኤንአር ማርጂን» የሚለው ከ6 ዴሲቤል ካነሰ መስመሩ አይጸናም፤ ከ10 በላይ ከሆነ ደህና ነው። «አቴኑዌሽን» ከ60 ካለፈ ሽቦው ረዝሟል ወይም ተጎድቷል፤ ያን ጊዜ ውድ ሞደም ብዙም አይፈይድም።

ሽቦ የሚነካ ሰው ይጠንቀቅ። በስልክ መስመር 48 ቮልት ያህል አለ፤ ሲጠራ ከ70 እስከ 90 ይደርሳል። ከግቢ ውጭ ያለውን ምሰሶና ሳጥን መንካት የደንበኛው ሥራ አይደለም። የሰዓቱን መዝገብና የሞደሙን ቁጥሮች ይዞ የሚቀርብ አመልካች ከቴክኒሻኑ ጋር በቶሎ ይግባባል። በሰፈሩ የፋይበር መስመር ደርሶ እንደሆነም በዚያው መጠየቅ ነው፤ ደርሶ ከሆነ በአሮጌው መዳብ ላይ ገንዘብ ማፍሰሱ አያዋጣም።