የቤት ፌንጣና የዶሮ ቀለብ

ከንባብ በፊት

1. ሜዳ ላይ የተለቀቀች ዶሮ ቀኑን ሙሉ ምን ምን ስትለቅም ትውላለች?
2. ዶሮዎችን ዘግቶ የሚያረባ ሰው ይህንን ቀለብ በምን ሊተካው ይችላል?

የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ምንባብ

ሜዳ ላይ የተለቀቀች ዶሮ ባለቤቷ ከሚበትንላት እህል ሌላ ራሷ ፈልጋ የምታገኘው ቀለብ አላት። አፈሩን በእግሯ እየጫረች ትል፣ ምስጥ፣ ጢንዚዛና ፌንጣ ትለቅማለች። ከእህሉ በዋናነት ኃይልና ሙቀት፣ ከነፍሳቱ ደግሞ ሥጋዋን፣ ላባዋንና እንቁላሏን የሚገነባውን ፕሮቲን ታገኛለች። ዶሮዎች በርከት ብለው በአንድ ቤት ሲዘጉ ግን ይህ ሁሉ ይቀርባቸዋል። ያን ጊዜ ሜዳው በነፃ ይሰጥ የነበረውን ፕሮቲን አርቢው ከገበያ ገዝቶ ማቅረብ ይኖርበታል።

በምሥራቅ አፍሪካ፣ በተለይም በቪክቶሪያ ሐይቅ ዙሪያ ባሉት አገሮች፣ ለዶሮ መኖ ከሚውሉት የፕሮቲን ምንጮች አንዱ ከሐይቁ የሚጠመድ ትንሽ ብርማ ዓሣ ነው። ኬንያውያን ኦሜና፣ ታንዛኒያውያን ዳጋ፣ ዑጋንዳውያን ደግሞ ሙኬኔ ይሉታል። ዓሣው በፀሐይ ከደረቀ በኋላ ከፊሉ ለሰው ምግብነት፣ ከፊሉም ተፈጭቶ ለእንስሳት መኖነት ይሸጣል። ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ይህ ዓሣ ትልልቁን ዓሣ ለመግዛት አቅም የሌለው ቤተሰብ በአነስተኛ ዋጋ የሚያገኘው ምግብ ነው። ስለዚህ የመኖ ፈላጊው በበዛ ቁጥር ዶሮና ሕፃን ለአንድ ምግብ ይሻማሉ ማለት ነው። ለዶሮዋ ሌላ ቀለብ መፈለግ ያስፈለገውም በዚህ ምክንያት ነው። ከታሰቡት መፍትሔዎች አንዱ፣ ዶሮዋ ሜዳ ላይ ስታሳድዳት የኖረችውን ፌንጣ በቤት ውስጥ ማርባት ነው።

የፌንጣዋ ጠባይ

የፌንጣ ዓይነት ብዙ ነው። በቀን በሣር ላይ የምትዘለው አረንጓዴዋ ፌንጣ አንዷ ናት። በዚህ ምንባብ የምትነሣው ግን ሌላ ናት። እርሷም በሌሊት ድምፅዋ የሚሰማው፣ ቡናማ መልክ ያላትና በራስዋ ላይ እንደ ክር የቀጠኑ ረጃጅም ቀንዶች የበቀሉላት የቤት ፌንጣ ናት። ያደገችው ርዝመቷ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ድምፁ የሚወጣው ከአፍ አይደለም፤ ወንዱ የፊት ክንፎቹን እርስ በርስ እያፋተገ ሴቷን ይጠራል። ሴቷም ጥሪውን የምትሰማው በፊት እግሮቿ ላይ በሚገኙት ጆሮዎቿ ነው።

ሴቷ ከኋላዋ እንደ መርፌ የሾለ የእንቁላል መጣያ አላት። ይህንን እርጥብ አፈር ውስጥ እየወጋች እንቁላሎቿን ትቀብራለች። አንዲት ሴት በሕይወቷ ዘመን በብዙ መቶ የሚቆጠሩ እንቁላሎች ትጥላለች። ሙቀቱ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ከሆነ እንቁላሉ ከ10 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ይፈለፈላል። ክንፍ ያላበቀለ የአንበጣ ልጅ ኩብኩባ እንደሚባል ሁሉ የፌንጣዋንም ልጅ ኩብኩባ ማለት ይቻላል። ኩብኩባዋ ከእንቁላሉ ስትወጣ ከትንሽ ጉንዳን አትበልጥም፤ መልኳ ግን እናቷን ይመስላል። ከዚያም ቆዳዋን ከ8 እስከ 10 ጊዜ እየገፈፈች ታድጋለች። በስድስተኛው ወይም በስምንተኛው ሳምንት ገደማ ክንፍ አብቅላ ለመራባት ትደርሳለች።

የፌንጣዋ ቤት

ለአነስተኛ እርባታ ግድግዳው ለስላሳና ጠለቅ ያለ የፕላስቲክ ሣጥን ይበቃል። ግድግዳው ለስላሳ ከሆነ ፌንጣዋ ቧጥጣ አትወጣም። ክዳኑ ላይ ሰፊ ቀዳዳ ተከፍቶ በጥቅጥቅ የሽቦ ወንፊት ይሸፈናል። አየር ካልተዘዋወረ እርጥበት ይታፈንና ሻጋታ ይፈጠራልና ነው። በሣጥኑ ውስጥ የእንቁላል መያዣ ካርቶኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ። ፌንጣ ጨለማና ጠባብ ሥፍራ ስለምትወድ በካርቶኖቹ ጎድጓዳዎች ውስጥ ትጠለላለች። መተፋፈጉም ይቀንሳል።

መጠጥ ውሃ በጎድጓዳ ዕቃ እንዲሁ ቢቀመጥ ኩብኩባዎቹ ሰጥመው ያልቃሉ። ስለዚህ ውሃው በእርጥብ ጥጥ ወይም ጠጠር በሞላበት ሳሕን ይቀርባል። ጥጡም በየጊዜው ይለወጣል። ለመራባት ለደረሱት ፌንጣዎች ደግሞ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው እርጥብ አሸዋ ወይም አፈር በሳሕን ይቀመጥላቸዋል። እንቁላል የተጣለበት ሳሕን ከትልልቆቹ ተለይቶ ሞቃት ወደሆነ ሌላ ሣጥን ይዛወራል፤ አፈሩም እስኪፈለፈሉ ድረስ እንዳይደርቅ ይጠበቃል። በቆላ አገር ሙቀቱ ያለ ብዙ ድካም ይገኛል። በደጋ አገር ግን ብርዱ እድገቷን እጅግ ያዘገየዋል።

የፌንጣዋ ጠላቶች ጥቂቶች አይደሉም። ጉንዳን በአንድ ሌሊት ሣጥኑን ባዶ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ሣጥኑ በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ የጠረጴዛው እግሮች ውሃ በያዙ ጣሳዎች ውስጥ ይቆማሉ። እንሽላሊትና ሸረሪትም መከላከል አለባቸው። ከሁሉም የሚያስፈራው ግን በዓይን የማይታየው ጠላት ነው። የቤት ፌንጣን የሚያጠቃው ዴንሶቫይረስ በአውሮጳ እርባታዎች ላይ እንደሚገኝ የታወቀው በ1977 እ.ኤ.አ. ነበር። በ2009 እና በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሰሜን አሜሪካ ብዙ የፌንጣ እርባታዎችን ጎድቷል። ስለሆነም ከሌላ ሥፍራ የመጡ ፌንጣዎች ወዲያው ከነባሮቹ ጋር አይቀላቀሉም፤ የሞቱትም በየዕለቱ ይለቀማሉ።

የፌንጣዋ ምግብ

ብዙ ሰው «ፌንጣ ምን ትበላለች? ያገኘችውን ብትሰጣት ይበቃታል» ብሎ ያስባል። ይህ ግምት ትክክል አለመሆኑ ተረጋግጧል። ሁለት የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት እንደሚያሳየው፣ በአብዛኛው ገለባ የቀረበላቸው ፌንጣዎች ከመቶ 99 የሚበልጡት ለአዝመራ ሳይደርሱ አልቀዋል። በቂ ዝግጅት ሳይደረግለት ከከተማ ተሰብስቦ የቀረበው የምግብ ትራፊም ያስከተለው ውጤት ይኸው ነበር። ፌንጣ ከባዶ ሥጋ አትሠራም።

እንግዲያውስ ጥሩ የዶሮ መኖ ገዝቶ ለፌንጣዋ መስጠት ይሻላልን? ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ አርቢ ፕሮቲኑ ከመቶ 20 የሆነ 2 ኪሎ ግራም የጫጩት መኖ ለፌንጣዎቹ ሰጠ እንበል። በመኖው ውስጥ 400 ግራም ፕሮቲን አለ። ፌንጣዎቹ በሚገባ ቢያዙ ከዚህ መኖ 1 ኪሎ ግራም ያህል ፌንጣ ይገኛል። በዚህ 1 ኪሎ ግራም ውስጥ አብዛኛው ውሃ ሲሆን ፕሮቲኑ 200 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ለዶሮ የሚሆነውን መኖ ለፌንጣ ሰጥቶ፣ ፌንጣዋን መልሶ ለዶሮ መስጠት የፕሮቲኑን እኩሌታ ማባከን ይሆናል።

ከዚህ የምንረዳው የእርባታው ጥቅምና ጉዳት የሚለየው በፌንጣዋ ቀለብ መሆኑን ነው። ሰውም ዶሮም እምብዛም የማይፈልገውን፣ ነገር ግን ለፌንጣዋ የሚስማማውን ቀለብ ያገኘ አርቢ ይጠቀማል። በ2016 እ.ኤ.አ. ከካምቦዲያ የወጣ ጥናት፣ የካሳቫ ጫፍ ቅጠል የተመገቡ የዚያው አገር ፌንጣዎች የዶሮ መኖ ከተመገቡት ባልተናነሰ ሁኔታ ማደጋቸውን አመልክቷል። በምሥራቅ አፍሪካም የካሳቫና የስኳር ድንች ቅጠል፣ የጎመን ትራፊ፣ ፍሩሽካ፣ ፋጉሎና አተላ የሚገኙበት ሥፍራ ብዙ ነው። ለኩብኩባዎቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥቂት የተፈጨ ጥሩ መኖ ቢታከልላቸው ይበረታሉ። ፀረ ተባይ የተረጨበት ቅጠል ግን ፈጽሞ መሰጠት የለበትም። ቀለብ ወይም ውሃ ሲጓደል ደግሞ ብርቱዎቹ ቆዳቸውን የገፈፉትን ደካሞች ይበላሉ።

ምርቱና ጥቅሙ

የደረሱት ፌንጣዎች ካርቶኖቹን በማራገፍ ይሰበሰባሉ። በሕይወት እንዳሉ ለዶሮ ሊሰጡ፣ ወይም በፈላ ውሃ ተነክረው ከደረቁ በኋላ ተፈጭተው ከሌላ መኖ ጋር ሊቀላቀሉ ይችላሉ። ከደረቀችው ፌንጣ ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው ፕሮቲን ነው። የካልሲየሙ መጠን ግን አነስተኛ ስለሆነ፣ እንቁላል ለምትጥል ዶሮ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ወይም የእንቁላል ቅርፊት መጨመር ያስፈልጋል። በየጊዜው ከደረሱት መካከል ጤናማዎቹና ብርቱዎቹ ለዘር ይቀመጣሉ።

ይህ ሥራ በኬንያ የምርምር ድጋፍ አለው። በ1970 እ.ኤ.አ. በኬንያዊው ሳይንቲስት በቶማስ ኦዲያምቦ መሥራችነት በናይሮቢ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ስለ ፌንጣ እርባታ ያጠናል። በ2018 እ.ኤ.አ.ም በኬንያ የምትገኝ፣ ቀድሞ በሳይንስ ያልተመዘገበች አንዲት የፌንጣ ዘር በዚሁ ማዕከል ስም ተሰይማለች። በቪክቶሪያ ሐይቅ አቅራቢያ በቦንዶ ከተማ የሚገኘው የጃራሞጊ ኦጊንጋ ኦዲንጋ ዩኒቨርሲቲም ለሰው ምግብነትና ለመኖነት የሚውሉ ነፍሳትን ይመራመራል። በታይላንድ፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2013 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ 20,000 ያህል ፌንጣ አርቢዎች ነበሩ። እነርሱ የሚያረቡት በአብዛኛው ለሰው ምግብ ነው። ነፍሳትን መመገብ በሃይማኖት ወይም በልማድ ያልተፈቀደለት ሕዝብ ግን ፌንጣዋን ለዶሮው ቢያረባ የሚነቅፈው አይኖርም።

የፌንጣ እርባታ ሰፊ መሬት፣ ብዙ ውሃና ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ውሃውን፣ ቀለቡንና ንጽሕናውን በየዕለቱ መከታተል ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ በአሸዋ ውስጥ የተቀበረው እንቁላል ፌንጣ፣ ፌንጣዋም የዶሮ እንቁላል ትሆናለች። በዚህ ዓይነት ዶሮዋ በልታ ስታድር፣ ከሐይቁ የወጣው ትንሽ ዓሣ ለሕፃኑ ገበታ ይተርፋል።

መልመጃ 1፦ አንብቦ መረዳት

ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. «ዶሮና ሕፃን ለአንድ ምግብ ይሻማሉ» ሲባል ምን ማለት ነው?
2. የጠረጴዛው እግሮች ውሃ በያዙ ጣሳዎች ውስጥ የሚቆሙት ለምንድን ነው?
3. የዶሮ መኖ ለፌንጣ መስጠት አክሳሪ የሚሆንበትን ምክንያት በቁጥር አስረዱ።
4. የ2015ቱና የ2016ቱ ጥናቶች ውጤት ምን ያስተምራል?

መልመጃ 2፦ የቃላት ጥናት

በ«ሀ» ሥር ያሉትን ቃላት በ«ለ» ሥር ካሉት ፍችዎች ጋር አዛምዱ።

ሀ
1. ፍሩሽካ
2. ፋጉሎ
3. አተላ
4. ኩብኩባ

ለ
ሀ. የጠላ ዝቃጭ
ለ. ክንፍ ያላበቀለ የአንበጣ ወይም የፌንጣ ልጅ
ሐ. ስንዴ ሲፈጭ የሚለይ ገለፈት
መ. ዘይቱ የተጨመቀለት የቅባት እህል ጭማቂ ትራፊ

መልመጃ 3፦ ዓረፍተ ነገር ማያያዝ

የሚከተሉትን ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች «ስለዚህ» ወይም «ምክንያቱም» በሚለው ቃል አያይዙ።

1. አየር አልተዘዋወረም። ሻጋታ ተፈጠረ።
2. አርቢው አዲሶቹን ፌንጣዎች ለብቻ አስቀመጠ። በሽታ ሊያመጡ ይችላሉ።
3. ግድግዳው ለስላሳ ነው። ፌንጣዋ ቧጥጣ አትወጣም።

መልመጃ 4፦ የጽሕፈት ልምምድ

1. «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚነገርበትን ሌላ ሁኔታ በአንድ አንቀጽ ግለጹ።
2. በአካባቢያችሁ ሰውና እንስሳ የሚሻሙበት አንድ ምግብ ምረጡ። ለእንስሳው ምን ሌላ መኖ ሊገኝለት እንደሚችል ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።