የባለ ሁለት ጎማ ትራክተር የፍሪሲዮን ሸራ አቀያየር

የስልጠናው ዓላማ፦ ሞዴል አርሶ አደሮች ያለቀ የፍሪሲዮን ሸራን ከሌላ ብልሽት ለይተው እንዲያውቁና በቤታቸው በጥንቃቄ እንዲቀይሩ ማስቻል።

ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮ የሚያስተላልፍና ሲፈለግ የሚያቋርጥ ክፍል ነው። ሸራው ሲያልቅ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ ማሽኑ አይጎትትም፤ የተቃጠለ ሽታም ይመጣል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ሥራ በሚበዛበት የዘር ወቅት ስለሆነ ምርመራው ከክረምት በፊት ቢደረግ ይመረጣል። ባለ አራት ጎማ ትራክተር ግን አካሉ ለሁለት ተከፍሎ ስለሚፈታና ክብደቱ አደገኛ ስለሆነ ለጋራዥ ይተው።

ከመፍታት በፊት

ጉልበት ያነሰው ማሽን ሁሉ ሸራው አልቋል ማለት አይደለም። ቺንጋ ሲላላም ምልክቱ ተመሳሳይ ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ ቺንጋውን መሃሉ ላይ በጣት ተጫኑት፤ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ ከረገበ ደህና ነው፣ ከዚያ ካለፈ አጥብቁት። ቀጥሎ በፍሪሲዮኑ ምላሶችና በኩሽኔታው መካከል ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ሸራው እየሳሳ ሲሄድ ምላሶቹ ወደ ኩሽኔታው ይጠጋሉ። ክፍተቱ ሲጠፋ እጀታውን ሳትነኩት ፍሪሲዮኑ በከፊል ተለቆ ይሠራል፤ ደህናውም ሸራ ይቃጠላል። ማስተካከያውን በመፍታት ክፍተቱን መመለስ ብቻ በቂ የሚሆንበት ጊዜ ስላለ ሸራ ለመግዛት አትቸኩሉ።

አፈታትና አገጣጠም

ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ይደገፉ። መሸፈኛውንና ቺንጋዎቹን ካወጣችሁ በኋላ የፍሪሲዮኑን ቡሎኖች በመስቀለኛ አቅጣጫ ጥቂት ጥቂት እያላላችሁ ፍቱ፤ ውስጡ ያሉት ሞላዎች ይገፋሉ። ፑሊው እምቢ ካለ በማውለቂያ አውጡት እንጂ በመዶሻ አትምቱት። ሸራዎቹንና የብረት ሳህኖቹን በወጡበት ቅደም ተከተል ንጹህ ጆንያ ላይ ደርድሩ። አቧራውን በአፍም ሆነ በአየር አትንፉ፤ የቆዩ ሸራዎች ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖራቸው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ሸራው ዘይት ጠጥቶ ከተገኘ ዘይቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ አዲሱን መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ፓራሊዮ ነውና አብሮ ይቀየር። ግራሶም ሲበዛ ተረጭቶ ሸራውን ያበላሻል። አዲሱን ሸራ በንጹህ እጅ ያዙ።

ሲገጠም የምላሶቹ ከፍታ እኩል ይሁን፤ ካልሆነ ፍሪሲዮኑ እየዘለለ ይይዛል፣ በደንብም አይለቅም። የክፍተቱን ልክ ከማሽኑ መመሪያ ላይ አይታችሁ በቀጭን የብረት መለኪያ አስተካክሉ።

ሙከራ

የማረሻው ቢላዋ ከኃይል ተነጥሎ፣ ሰውና ከብት ከፊትም ከኋላም ርቀው፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ ሞተሩ ይነሳ። ከዚያ በዝቅተኛ ማርሽ ሞክሩ። ፍሪሲዮኑ ተለቆ ማሽኑ እየሳበ ከሄደ ወደ ማሳ እንዳታወጡት፤ ወደ ኋላ ሲነዳ ነጂውን ከግድግዳ ወይም ከዛፍ ጋር ሊያጣብቀው፣ ቢላዋውም እግሩን ሊይዝ ይችላል። አዲስ ሸራ መጀመሪያ ላይ ቶሎ ስለሚሳሳ ከጥቂት ቀን ሥራ በኋላ ክፍተቱ እንደገና ይለካ።