የሩጫ ሰዓት ፍጥነትን ከእግር እንዴት ያነባል?

በባሕረ ሰላጤው ሙቀት ወይም በአውሮፓ ቅዝቃዜ ምክንያት በቤት ውስጥ በትሬድሚል የሚሮጥ ሰው ከቦታው ስለማይርቅ፣ ሳተላይት ፍጥነቱን ሊነግረው አይችልም። ይህን ክፍተት የሚሞላው በጫማ ማሰሪያ ላይ የሚያያዝ አነስተኛ መሣሪያ ነው።

መሣሪያው የእግርን የፍጥነት ለውጥ በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየለካ የእርምጃን ርዝመት ያሰላል። እግር ወለሉን በረገጠ ቁጥር ከወለሉ አንጻር ለቅጽበት ስለሚቆም፣ ስሌቱ ከዜሮ ይጀምራል፤ ስሕተትም አይጠራቀምም። ሰዓቱ ውጤቱን በብሉቱዝ ተቀብሎ፣ የጥቂት ሰከንዶችን አማካይ በመውሰድ አንዱ ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ እንደሚሮጥ ያሳያል።

ሆኖም መሣሪያው መታረም አለበት። 400 ሜትር በሆነ መም ላይ ሮጠው ሰዓቱ 412 ካሳየዎት፣ ስሕተቱ 3 በመቶ ነው። «በኪሎ ሜትር 5 ደቂቃ» የሚለው ንባብ በእውነቱ 5 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ይሆናል፤ በማራቶን ልዩነቱ ከ6 ደቂቃ ይበልጣል። 400ን ለ412 ሲያካፍሉ የሚገኘው 0.97 የማረሚያ ቁጥርዎ ነው።